«ዓቂል» እና «ቂል» ምንና ምን ናቸው?

ጥያቄ፦ «ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። የምይዘው ልጅ ሲረብሽ እናቱ ‹ኸሊክ ዓኢል!› ትለው ነበር። ‹አርፈህ ተቀመጥ፣ ጨዋ ሁን› ማለቷ እንደሆነ ቶሎ ገባኝ። ሪያድ የሠራች ጓደኛዬ ግን እዚያ ‹ዓጊል› ነው የሚሉት፣ አእምሮ ያለው ሰው ማለት ነው አለችኝ። የሰፈራችን ኡስታዝ ሲጠየቁ ደግሞ ትክክለኛው ‹ዓቂል› ነው አሉ። እኔን የገረመኝ እኛ ጋ ‹ቂል› ሞኝ መሆኑ ነው። አንድ ቃል እዚያ አስተዋይ፣ እዚህ ጅል እንዴት ይሆናል? ‹አቅሉን ሳተ› የምንለውስ ከዚሁ የመጣ ነው? ሌላ ቋንቋስ ገብቷል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። «ቂል» ከ«ዓቂል» ጋር አይዛመድም። «አቅል» ግን የዚያው ቤት ልጅ ነው። ሌላ ቋንቋ ገብቷል ወይ ላልሽው፣ ከናይጄሪያ እስከ ኢንዶኔዥያ ተበትኗል። ረጅሙን መልስ የምትፈልጊ ከሆነ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ቡና ካልኩ አይቀር ከቡና ልጀምር። አንቺ ቤይሩት ስትሠሪ ቡና «አህዌ» ነበር። ጓደኛሽ ሪያድ «ገህዋ» ስትል ኖራለች። የመጽሐፉ ዐረብኛ «ቀህዋ» ይላል። ልዩነቱ አንዲት ድምፅ ናት። የቤይሩት ሰው «ቀ»ን ጉሮሮው ውስጥ ይውጣታል፣ የሪያድ ሰው «ገ» ያደርጋታል፣ ቁርኣን የሚቀራ ሰው እንዳለች ያወጣታል። «ዓኢል»፣ «ዓጊል» እና «ዓቂል»ም እንደዚያው ናቸው። ሦስታችሁም ትክክል ናችሁ።

አሁን ቂልን ላሰናብተው። ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ይሸራረፋል፣ እውነት ነው። ግን በዘፈቀደ አይሸራረፍም። «ዓቂል» ሲባል ድምፁ የሚረግጠው መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ዓ»ው ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። ተዋሹ ሰው የሚጥለው ደካማውን እንጂ የተረገጠውን አይደለም። «ሐኪም» የሚለውን ቃል እዪው። ዐረቦቹ ሲሉት የሚረግጡት «ኪም»ን ነው፤ «ሐ» ደካማ ናት። እሷ እንኳ አልወደቀችም። ሐኪም ቤት ሄድን እንጂ ኪም ቤት ሄድን አላልንም። ከዚያም «ቂል» በአማርኛ ቂልነት አለው፣ ቂላቂል አለው፣ የራሱን ቤተሰብ ይዞ ነው የሚኖረው። በምፀት ተገልብጦ ይሆናል የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ሞኙን «አንተ ብልጥ» እንደምንለው ማለት ነው። ያምራል። ማስረጃ ግን የለውም። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም።

ወደ ሥሩ እንውረድ። ሥሩ ገመድ ነው።

አፋር ወይም ሶማሌ ክልል መንገድ ላይ ግመል ሲያድር አይተሽ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባሻል። እረኛው ግመሏን ያስበረክካታል። የፊት እግሯ ጉልበቷ ላይ ታጥፏል። ባቱንና ጭኑን አንድ ላይ በገመድ ይጠመጥምና ይቋጥረዋል። ግመሏ አልታመመችም፣ አልተጎዳችም፣ ሣር ካለ ትበላለች። ብትነሣም በሦስት እግር እያነከሰች ብዙ አትርቅም። ጠዋት ባለቤቷ እዚያው ያገኛታል። እኛ ይህን «ቀየደ» እንላለን። ዐረቡ «ዓቀለ» ይላል። ገመዱ «ዒቃል» ነው።

የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ነቢዩ ሙሐመድን ይጠይቃል፦ ግመሌን ልቀይዳትና በአላህ ልመካ፣ ወይስ ልልቀቃትና ልመካ? መልሱ «ቀይዳትና ተመካ» ነው። ዐረብኛው ላይ «ቀይዳት» የሚለው ግሥ ይኸው የእኛ ዓቀለ ነው። ይህን ሐዲስ የምወደው ቃሉ ገና ከገመዱ ሳይለይ ስለሚያሳየኝ ነው። «ቀይዳት» ሲባል እግሯን ነው፤ ሰሚው የሚሰማው ግን «አእምሮህን ተጠቀም» የሚል ነገር ጭምር ነው።

ከገመዱ ወደ አእምሮ እንዴት ተሻገረ ብትይ፣ የድሮዎቹ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ራሳቸው መልሰውታል። ኢብን መንዙር በ1290 እ.ኤ.አ. በጨረሰው ግዙፍ መዝገበ ቃላት «ዓቅል» ይህን ስም ያገኘው ባለቤቱን ጥፋት ውስጥ ከመግባት ስለሚቀይደው ነው ይላል። ሰውም እንደ ግመል ነው፤ ስሜቱ ሲነዳው ይነሣና ይሄዳል፣ አንድ የሚያስረው ነገር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዓቂል ማለት ብዙ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ራሱን የያዘ ሰው ነው። ያቺ የቤይሩት እናት ልጇን «ኸሊክ ዓኢል» ስትለው ፈላስፋ ሁን አላለችውም። እንደታሰርክ ቆይ ነው ያለችው።

ሌላው የገመዱ ዘር ጓደኛሽ ሪያድ በየቀኑ ያየችው ነው። ወንዶቹ ነጩን ወይም ቀይና ነጩን ሻሽ ራሳቸው ላይ አድርገው ከላይ የሚደፉት ጥቁር ቀለበት «ዒጋል» ይባላል። «ቀ»ን «ገ» አድርጊው፣ ያው ዒቃል ነው። የጥንቱ ዘላን የግመሉን መቀየጃ ሥራ ሲፈታ ጭንቅላቱ ላይ ጣል ያደርገው ነበር ይባላል። ያም ሆነ ይህ ዛሬ ባለ መርሴዲሱም የግመል ገመድ ስም ጭንቅላቱ ላይ ይዞ ይሄዳል።

ከዚሁ ሥር ሌላም ወጥቷል። «ሙዕተቀል» የእስረኞች ማጎሪያ ነው፤ ዜና ላይ ሳትሰሚው አልቀረሽም። «ዓቂላ» ደግሞ ነፍስ ያጠፋ ሰው የደም ካሳ ሲከፍል አብረውት የሚያዋጡት የአባት ዘመዶቹ ናቸው። የእኛን ጉማ አስቢው። ካሳው በግመል ነበር፤ ሙሉው 100 ግመል ነው። ግመሎቹን ነድተው የሟች ቤተሰብ ደጅ ላይ ይቀይዷቸው ነበርና ካሳው ራሱ «ዓቅል» ተባለ ይላሉ መዝገበ ቃላቱ። ስለዚህ በዐረብኛ አንድ ቃል አእምሮም የደም ዋጋም ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ «ዒኩል» የሚባል የማይወደድ ደብዳቤ ያውቃሉ፤ ዕዳ ያለበት ሰው የባንክ ሒሳቡ ወይም ንብረቱ ሲታገድ የሚመጣ ነው። ሦስቱ ፊደላት ያው ዐይን (የጉሮሮዋ «ዐ»)፣ ቀ፣ ለ ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱሱ ዕብራይስጥ፣ ዕንባቆም 1፥4 ላይ፣ ይህ ሥር ስለ ጠመመ ፍርድ ይናገራል።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር አለ። ቁርኣን ውስጥ «ዓቅል» የሚለው ስም አንድም ቦታ የለም። ግሡ ግን 49 ጊዜ አለ፤ አብዛኛው «አታስተውሉምን?» ወይም «የማያስተውሉ» በሚል መልክ ነው። እዚያ ዓቅል ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ራሱን የቻለ ነገር፣ ሰው ውስጥ ያለ ዕቃ አስመስለው ያስቀመጡት በኋላ የመጡት ናቸው።

ከእነዚህ ዋነኞቹ ባግዳድ የነበሩት ፈላስፎች ናቸው። የግሪኩን «ኑስ»፣ አእምሮ ማለት ነው፣ ወደ ዐረብኛ ሲመልሱ ዓቅል አሉት። አልኪንዲ ስለ ዓቅል አጭር ጽሑፍ ጻፈ። በ950 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈው አልፋራቢም ጻፈ። ፋራቢ ዓቅል የሚለውን ቃል ሰዎች በስድስት መንገድ እንደሚጠቀሙበት ይዘረዝራል፤ መጀመሪያ ያነሣው የተራውን ሰው አነጋገር ነው። ተራ ሰው «ዓቂል» የሚለው በጎውን ለመሥራት አስቦ የሚያገኝበትን ሰው ነው ይላል። ለክፋት የሚፈጥነውን ጭንቅላት ዓቂል ማለት ይከብደዋል፤ «ተንኮለኛ» ወይም ሌላ ስም ያወጣለታል። ይህን አስታውሺው፣ ኢንዶኔዥያ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

እነዚህ ጽሑፎች በኋላ ስፔን ውስጥ ወደ ላቲን ተመለሱ። የኪንዲዋ አጭር ጽሑፍ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው የተተረጎመችው። አንደኛው ተርጓሚ ዓቅልን «ኢንተሌክቱስ» አለው፣ ሌላው «ራሲዮ» አለው፤ ሁለቱም የላቲን የአእምሮ ስሞች ናቸው። እንግዲህ አውሮፓ ላይ ቃሉ ራሱ አልገባም። ሐሳቡ ገባ፣ ልብሱን ግን በር ላይ ቀይሮ።

ይህን የምልሽ እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር ስላለ ነው። የፋራቢ ተማሪ የነበረ ያሕያ ኢብን ዓዲ የሚባል ክርስቲያን ነበር፤ በ974 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሶርያዊ ኦርቶዶክስ። ሥላሴን ለሙስሊም ፈላስፎች ለማስረዳት ሲሞክር ከዚሁ ሥር ሦስት ቃል አወጣ፦ ዓቅል፣ ዓቂል፣ ማዕቁል። ትርጉማቸው አእምሮ፣ የሚያስበው፣ የሚታሰበው ነው። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ። ሌሎች የዐረብ ክርስቲያኖች ደግሞ አእምሮ፣ ቃል፣ መንፈስ ብለው ይመስሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። እኛ «አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ» እንላለን። ዐረብኛው «ዓቅል» ባለበት ቦታ የእኛ ሊቃውንት «ልብ» አሉ። በመካከለኛው ዘመን ከግብፅ ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጉመዋል፤ ፍትሐ ነገሥቱም የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀው ነው። ከዚያ ሁሉ ትርጉም መካከል ግን «ዓቅል» በድምፁ የቤተ ክህነት ቃል ሆኖ አልቀረም። ለዚያ ልብ ነበረን፣ ልቡና ነበረን፣ አእምሮ ነበረን።

ስለዚህ አማርኛው «አቅል» በመጽሐፍ በር አልገባም ባይ ነኝ። በጆሮ ነው የገባው። ገበያ ላይ፣ በሲራራ ነጋዴ፣ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጣ። ለዚህ ምስክሬ አነጋገሩ ነው። አቅል የሊቅ ቃል አይደለም፤ የእናቶች ቃል ነው። «ልጄን ባየሁት ጊዜ አቅሌን ሳትኩ» ትላለች እናት። «ትኩሳቱ አቅሉን አሳተው።» «አቅሏን ስታ ወደቀች፣ ውሃ ሲረጯት ወደ አቅሏ ተመለሰች።» ልብ በይ፣ አቅል በአማርኛ በብዛት የሚነሣው ሲጠፋ ነው። ሳተ፣ አጣ፣ ተመለሰ። ዐረቡ ዓቅል የሚለው ጭነት ሙሉ ነገር፣ ፍልስፍና፣ ሕግ፣ ጨዋነት፣ እኛ ጋ ሲደርስ አንዲት ነገር ብቻ ይዞ ቀረ፦ ሰው ራሱን ሳያውቅ ሲቀር የሚያጣት ነገር።

ወንድሙ «ቀልብ»ም ያው ዐረብኛ ነው፣ ልብ ማለት ነው። እሱ ግን ሌሎች ግሦች አገኘ። ቀልብ ይስባል፣ ቀልብ ይሰበሰባል፣ ድንገት የደነገጠ ሰው ቀልቡ ይገፈፋል። የተዋሰው ቃል ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ መዝገበ ቃላቱን ከማየትሽ በፊት ከየትኛው ግሥ ጋር እንደሚኖር እዪ። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው እሱን ነው።

በዚህ ዘዴ ጎረቤቶቻችንን እንያቸው።

ትግርኛ ዓቕሊ ይላል፤ ትርጉሙ ትዕግሥት ነው። «ዓቕለይ ጸቢቡኒ» ያለ ሰው አላበደም፣ ትዕግሥቱ አልቆ ነው፤ ቃል በቃሉ አቅሌ ጠበበብኝ ነው። ለእኔ ይህ ከአማርኛው ይልቅ ለገመዱ የቀረበ ነው፤ ትዕግሥት ራስን መቀየድ አይደል? ሱማልኛ «ዓቅሊ» አእምሮ ነው፣ «ዓቂል» ደግሞ የጎሣ ሽማግሌ ነው። እንግሊዞች ሶማሊላንድን ሲገዙ ለእነዚህ ዓቂሎች ደመወዝ እየከፈሉ በሕዝቡና በአስተዳደሩ መካከል አስቀመጧቸው። የመንም እንዲሁ ነው፤ ሰንዓ ውስጥ የሰፈር አለቃው «ዓቂል» ነው፤ ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ሊባኖስ ተራራ ላይ ድሩዞችን፣ የራሳቸው እምነት ያላቸውን ሕዝብ፣ አይተሽ ከሆነ፣ ነጭ ጥምጣም ያሰሩት ሽማግሌዎች «ዑቃል» ይባላሉ፤ የእምነታቸው ምሥጢር የተገለጠላቸው ናቸው። ያልተገለጠላቸው «ጁሃል»፣ ማለትም ያላወቁ ናቸው። ስለዚህ አንቺ በሰባት ዓመትሽ ሁለት ዓይነት ዓቂል አይተሻል፤ አርፎ የተቀመጠ ሕፃንና ጥምጣም ያሰረ ሽማግሌ።

ስዋሂሊ «አኪሊ» ይላል። ገና ከባሕሩ ዳር ከዛንዚባር ነጋዴዎች ጋር የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ ኬንያ ውስጥ ማንም ክርስቲያን ገበሬ የራሱ አድርጎ ይናገረዋል። ተረታቸው «አኪሊ ኒ ኝዌሌ፣ ኪላ ምቱ አና ዛኬ» ይላል፤ አእምሮ እንደ ፀጉር ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ አለው። የእኛ ኮምፒውተር ሠሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን እነሱ «አኪሊ ባንዲያ» ይሉታል። የሚገርመው ዐረቦቹ ራሳቸው ለዚህ ዓቅልን አልተጠቀሙም፤ «ዘካእ» የሚለውን መረጡ፣ ብልጠት፣ የአእምሮ ፍጥነት ማለት ነው። ምክንያቱን ስገምት፣ ማሽኑ ይፈጥናል እንጂ ራሱን አይቀይድም። ግምቴ ነው፣ አትያዥው።

ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስትሄጂ ቃሉ «አል» የሚለውን የዐረብኛ መስተአምር፣ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለውን፣ ጭምር ውጦ ሄዷል። ኒጀር ውስጥ ዛርማዎች «ላካል» ይላሉ፤ «ለ»ዋ የ«አል» ቅሪት ናት። የማሊ ባምባራዎች «ሀኪሊ» ይላሉ። ሃውሳዎች «ሀንካሊ» ይላሉ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ሃውሳ «አ ሀንካሊ» ሲል ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ ማለቱ ነው። ሹፌሩ ሲከንፍ «አ ሀንካሊ!» ይባላል። ሰው ሲደነግጥ «ሀንካሊንሳ ያ ታሺ» ይላሉ፤ ሀንካሊው ተነሣ። ለማረጋጋት ደግሞ ሀንካሊህን አስተኛው ይላሉ። ሃውሳው ይህን ሲል ስለ ግመል እያሰበ ነው አልልም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያቺ የበረከከች ግመል ትታየኛለች፤ ተነሣች፣ ተኛች።

ቱርኮች «አክል» አሉት። «ዐይን» የምትባለውን የጉሮሮ ድምፅ አያወጡም፤ ጣሏት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ተነባቢዎች ሲገጥሙ ምላሳቸው ስለማይወድ መሃል አናባቢ ሸጎጡ። ስማርት ስልክ እነሱ ጋ «አክልሊ ቴሌፎን» ነው፤ አቅል ያለው ስልክ። በ2013 እ.ኤ.አ. የቱርክ መንግሥት ከኩርዶች ጋር የጀመረውን የሰላም ንግግር ለሕዝቡ እንዲያስረዱ 63 ሰዎች በየክልሉ ሲልክ ስማቸው «አኪል ኢንሳንላር» ነበር። ዓቂሎቹ ሰዎች። ከሰንዓ የሰፈር አለቃ ብዙ አልራቀም። ቡልጋሪያ ወደ 500 ዓመት በኦቶማን ሥር ስለነበረች ቃሉ እዚያም ገባ፤ ዛሬም ኦርቶዶክሱ ቡልጋር በሰፈር ወሬው «አከል» ይላል። መጽሐፍ ላይ የስላቭ ቃል አለው፤ ልጁን ሲቆጣ ግን የሚቀናው ይኸኛው ነው።

ወደ ህንድ የወሰደው ፋርስኛ ነው። ሂንዲ ተናጋሪው «አክል በሪ ያ ባሕንስ?» ይላል፤ የሚበልጠው አክል ነው ወይስ ጎሽ? ጉልበቱን አምኖ ሥራውን የሚያበላሽ ሰው ሲያዩ የሚሉት ነው። ሌላም ደስ የሚል ነገር አላቸው፤ ዘግይታ የምትበቅለዋን የመጨረሻዋን መንጋጋ የአክል ጥርስ ይሏታል። ዐረቡም «ድርስ አል-ዓቅል» ይላል። ይህን ሐረግ እዪው እስኪ፦ «ድርስ» የእኛ ጥርስ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «ዓቅል» ደግሞ በውሰት የመጣው አቅል ነው። አንዱ በደም፣ አንዱ በጋብቻ ዘመዳችን ነው።

ማልታን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ማልታዎች ካቶሊኮች ናቸው፤ ቋንቋቸው ግን ከዐረብኛ የወጣ ነው፣ የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው። ብልህነትን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ ሲያወጡት «አአል» ይመስላል። «ቀ»ዋን እንደ ቤይሩቷ እመቤትሽ ይውጧታል። እዚያ ሄደሽ ቢሆን ኖሮ «ዓኢል»ን ከአፋቸው ታውቂው ነበር።

ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ላይ «አካል» ሆነ። አዎ፣ ልክ የእኛ አካል ሲባል እንደሚሰማው። እነሱ ጋ አካል አእምሮ ነው፣ እኛ ጋ ሰውነት ነው። ዝምድና የለውም፤ እንደ ቂልሽ ነው። አሁን የፋራቢን ነገር አስታውሺ። ፋራቢ ለክፋት የሚፈጥን ጭንቅላት ዓቂል አይባልም ብሎ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቃሉ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። «አካል» አእምሮ ነው፣ ዘዴም ነው፣ ማጭበርበሪያም ነው። «መንጋካሊ» አንድን ሰው ወይም ሕግ በብልጠት ማለፍ፣ መሸወድ ነው። «አካል ቡሉስ» የለየለት ተንኮል ነው፤ ቡሉስ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ኤሊ ነው። በሃይማኖት ቋንቋቸው ግን ቃሉ ክብሩን አልጣለም፤ «አኪል ባሊግ» ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አእምሮው የበሰለ፣ ሶላትና ጾም ግዴታ የሆነበት ማለት ነው። በቅርቡ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «አካል ኢሚታሲ» ማለት ጀምረዋል። ቀልዱ የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደላት «ኤ» እና «አይ» መሆናቸው ነው፤ ከእንግሊዝኛው ምሕጻር ጋር ይገጥማል። ይህን ያሰበ ሰው አካል አለው፣ በሁለቱም ትርጉም።

አኪል ባሊግ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ጥያቄሽን ያነበበ ሌላ ሰው ሊያነሣው ስለሚችል። እኛ «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» ስንል ያ «አቅመ» ከ«አቅም» ነው፤ ልክ፣ ጉልበት፣ መጠን። በድምፅም በትርጉምም አቅልን ይጎራበታል፣ ግን ሌላ ሥር ነው፤ የግዕዝ ነው። ሰው «አቅም አጣሁ» ሲል ደክሞታል። «አቅሌን አጣሁ» ሲል ወድቋል።

የቀረው አጻጻፉ ነው፤ ኡስታዙ ቢጠይቁሽ እንድትመልሺ። ዐረብኛው የሚጀምረው በ«ዐይን» ነው፤ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ድምፅ ነው። የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት በ8ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው አልኸሊል ቃላቱን በፊደል ተራ አልደረደረም፤ ከጉሮሮ ወደ ከንፈር ሲል ከዐይን ጀመረ፣ መጽሐፉም በእሷ ተጠራ። ሱማልኛ በ1972 እ.ኤ.አ. በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር ለዚህች ድምፅ የእንግሊዝኛዋን «ሲ» መደበላት። ትግርኛ ድምፅዋንም ፊደሏንም ጠብቋል። እኛ ፊደሏን ይዘን ድምፅዋን ጥለናል፤ ለዚህ ነው ልጆች «አልፋው አ»፣ «ዐይኑ ዐ» እያሉ በስም የሚለዩአቸው፣ በጆሮ አይለዩማ። «ቀ»ን ግን ከቱርኩም ከስዋሂሊውም ከቤይሩቱም ይልቅ እኛ ሳንጥል አስቀርተናል። በሥሩ ከሄድን «ዐቅል» በዐይኑ ዐ መጻፍ ነበረበት። ተማሪዎቼን እንደዚያ ነው የማስጽፋቸው። እዚህ ግን እስካሁን በአልፋው ስጽፈው ቆየሁ፤ ስልኬ ሁልጊዜ የሚያወጣልኝ እሷን ነው።